ስም ጠርቶ ማመስገን

እስኪ አንድ ነገር ቁጠሩ። ዛሬ ከእንቅልፋችሁ ከተነሣችሁ ጀምሮ ስንት ጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» አላችሁ? ጎረቤት «እንደምን አደራችሁ» ሲል፣ የግቢው ጥበቃ «ልጆች ደህና ናቸው?» ሲል፣ ታክሲ ውስጥ የድሮ የክፍል ጓደኛ አግኝታችሁ «ሥራ እንዴት ነው?» ስትባሉ፣ ቢሮ ስትገቡ ደግሞ በየጠረጴዛው። በእኛ አገር ሰላምታ ያለ ምስጋና አያልቅም። ሆድ የባሰው ሰው እንኳ ብሶቱን የሚጀምረው መጀመሪያ «ተመስገን» ብሎ ነው። ምስጋና ጎደለን የምንባል ሕዝብ አይደለንም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ቁጠሩ። በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ ሰው አንዱን፣ ዓይኑን እያያችሁ፣ ያደረገውን ነገር ለይታችሁ ጠቅሳችሁ ያመሰገናችሁት ስንት ጊዜ ነው? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቧንቧው ድምፅ ሲሰማ ተነሥቶ ሮቶውን የሚሞላውን ሰው? የመብራት ካርዱ ከማለቁ በፊት ሄዶ የሚያስሞላውን? የልጆቹ የምሳ ዕቃ ክዳን የቱ ጋ እንዳለ ሁልጊዜ የምታውቀውን?

ይህን ጥያቄ በምሳ ሰዓት ለሥራ ባልደረቦቼ አቅርቤላቸው ነበር። በመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉም ሳቁ። በሁለተኛው ጠረጴዛው ጸጥ አለ። በመጨረሻ አንዱ «እሱማ ይታወቃል እኮ፤ ደግሞ ይነገራል እንዴ?» አለ። ሁሉም ራሳቸውን በመነቅነቅ ተስማሙ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ይታወቃል» የምትለው ቃል ከጆሮዬ አልጠፋችም። በእርግጥ ይታወቃል? በማን?

ለሁሉም የሚላከው መልእክት

የምሠራው ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ለደንበኞች የሚላከውን የምስጋና መልእክት ከሚጽፉት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። «ውድ ደንበኛችን፣ አብረውን ስለሠሩ ከልብ እናመሰግናለን፤ መልካም በዓል» የሚለውን ታውቁታላችሁ። ስልካችሁ ላይ ሲደርስ ሳታነቡት እንደምታጠፉትም አውቃለሁ። አልቀየማችሁም፤ የሌሎቹን እኔም አጠፋለሁ። በአንድ ቁልፍ ለሺህ ሰው የተላከን ምስጋና «ይህ ለእኔ ነው» ብሎ የሚቀበል የለም።

አንድ ዓመት ግን አለቃችን «እስኪ ለአሥር ደንበኞች በእጅ እንጻፍ» አሉ። ደብዳቤ ቢባልም ሁለት ሦስት መስመር ናት፤ ነገር ግን ሰውየው ያደረጉት ነገር ተለይቶ ተጠቅሶባታል። «በጥር ወር ወደ እኛ የላኳቸው ሁለት ደንበኞች ዛሬም አብረውን አሉ» የሚል ዓይነት። ከአሥሩ ስድስቱ ደወሉ። አንድ በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ወረቀቷን ሱቃቸው ውስጥ ከንግድ ፈቃዳቸው ጎን ለጥፈዋት አይቻለሁ። አብሯት የተላከ ስጦታ አልነበረም፤ ቅናሽም አልነበረም።

ይህን የማወራው ስለ ሽያጭ ላስተምራችሁ ፈልጌ አይደለም። ቤት ውስጥ የምናመሰግንበትም መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም እንደሚላከው መልእክት ስለሆነ ነው። ምሳ በልተን ስንነሣ «ተመስገን» እንላለን። ለፈጣሪ ነው፤ ተገቢም ነው። ሽንኩርቱን አንድ ሰዓት ሙሉ ስታቁላላ የነበረችው ግን እዚያው አጠገባችን ቆማ ሳህን እየሰበሰበች ነው።

አያቶቻችን ሲያመሰግኑ

አያቴ «አመሰግናለሁ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። እሷ የምታውቀው መመረቅ ነው። ምርቃትን ልብ ብላችሁ ከሰማችሁት ደግሞ የተደረገውን ነገር ለይቶ የሚጠራ ምስጋና ነው። ወጥ ለሠራች «እጅሽ ይባረክ»፣ ለተላላከ ልጅ «እግርህን እንቅፋት አይምታው»፣ እጅ ላስታጠበ ሕፃን «እደግ፣ ተመንደግ»፣ ላስታመመ ሰው «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይባላል። እጅ ለሠራው ለእጅ፣ እግር ለሄደበት ለእግር። መራቂዋ ማን ምን እንዳደረገላት ሳታይ ልትመርቅ አትችልም።

«እግዜር ይስጥልኝ» የምትለዋንም ቃል ፈታ አድርጋችሁ ስሟት። «እኔ ይህንን መክፈል አልችልም፤ የሚችለው በእኔ ፈንታ ይስጥህ» ማለት ናት። የተደረገልኝ ነገር ዋጋ እንዳለው፣ ዕዳም እንዳለብኝ የምታምን ቃል ናት። ዛሬ ከካሸሯ ዕቃችንን ስንቀበል ስልካችንን እያየን ከምንወረውራት «ታንክዩ» ጋር አንድ ሚዛን ላይ አትቀመጥም። (በነገራችን ላይ የቡናችን ሦስተኛ ሲኒ «በረካ» መባሉ ትርጉሙ በረከት ስለሆነ ነው። አቦልን ጠጥቶ ለሚሮጠው ባለቤቴ ይህን ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ።)

ይሁን እንጂ ያው ባህላችን በሌላ እጁ ምስጋናን ይይዛል። ሰውን ፊት ለፊት ማመስገን «ከንቱ ውዳሴ» ይሆናል ብለን እንፈራለን። ልጅ ሲመሰገን «ዓይን ይበላዋል» እንላለን፤ ሠራተኛ ሲመሰገን «ይኮራብናል»፤ ሚስት ስትመሰገን... እሱን ለእናንተ ልተወው። በዚህ ሁሉ ላይ ይሉኝታ ይጨመርበታል። እናቱን «እናቴ፣ እኔን ለማስተማር ምን እንዳደረግሽ አውቃለሁ» ብሎ ከመናገር ይልቅ አንድ ኩንታል ጤፍ ገዝቶ በር ላይ ማውረድ የሚቀልለው ወንድ ልጅ በየሰፈሩ አለ። ጤፉ ክፉ አይደለም። እናትየዋ ግን ጤፉን ስትፈጭ ያ ዓረፍተ ነገር ውስጡ እንዳለ በምን ታውቃለች?

ምስጋና ሲረፍድ

አንድ ቦታ ላይ ግን ይሉኝታችን ይለቀናል። ቀብር ላይ። የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ስሙት፤ የት እንደተማሩ፣ ማንን እንዳሳደጉ፣ የማንን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ እንደከፈሉ፣ በእድር ውስጥ ስንት ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆነው እንዳገለገሉ በዝርዝር ይነገራል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ቤተሰቡ «ምስጋና» የሚል ርዕስ ያለው ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ያወጣል። ያስታመሙትን ሐኪሞች፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥተው ያጽናኑትን ወዳጆች አንድ በአንድ ይጠራል። ጋዜጣ ሳገላብጥ እነዚህን ማስታወቂያዎች ማንበብ እወዳለሁ። ስም አላቸው፤ የተደረገውም ነገር ተጽፏል። እንደሚገባ የተጻፈ ምስጋና ማየት የሚፈልግ ሰው እዚያ ያገኘዋል።

ባለፈው ዓመት ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ አረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበችው ትልቋ ልጃቸው ነበረች። ልጅ እያለች ክረምት ክረምት አባቷ ጫማዋ እንዳይበሰብስ ጀርባቸው ላይ አዝለው ወንዙን ያሻግሯት እንደነበር የሚናገረው መስመር ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። በኋላ ድንኳን ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። «ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለሱም ጭምር» አለችኝ። ሰውየው ለስድስት ዓመት ያህል የኖሩት ከእሷ ቤት ሁለት ፌርማታ ርቀት ላይ ነበር። በየሳምንቱ ትጠይቃቸው ነበር፤ መድኃኒት ትገዛላቸው ነበር፤ ምንም ያጎደለችባቸው ነገር የለም። አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ያልሰሟት።

ለምንድን ነው የሚከብደን?

አሚት ኩማር እና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን የምስጋና ደብዳቤ አስጻፉ። ጸሐፊዎቹን «ደብዳቤው ሲደርሰው ሰውየው ምን ይሰማዋል ብለህ ትገምታለህ?» ብለው ጠየቁ፤ ከዚያም ደብዳቤው የደረሳቸውን ሰዎች እውነተኛ ስሜታቸውን ጠየቁ። ጸሐፊዎቹ ተሳስተዋል፤ የተሳሳቱትም ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ሰውየው ይሸማቀቃል ብለው ከገመቱት እጅግ ያነሰ ተሸማቅቋል፤ ይደሰታል ብለው ከገመቱት ደግሞ በልጦ ተደስቷል። ጸሐፊው «ቃላት አሳምሬ ባልጽፍስ?» ብሎ ይጨነቃል። ተቀባዩ የሚያየው ግን የቃላቱን ውበት ሳይሆን የሰውየውን ቅንነት ነው። ይሉኝታ የምንለው ነገር በአማርኛ ብቻ የሚገኝ እንዳልሆነ ከዚህ ተረድቻለሁ፤ እኛ ስም አወጣንለት እንጂ።

ስለ ምስጋና ሲወራ የሚጠቀሰው ሌላው ጥናት የሮበርት ኤመንስ እና የማይክል ማክሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው። ለአሥር ሳምንታት አንዱ ቡድን በየሳምንቱ ያመሰገነባቸውን አምስት ነገሮች፣ ሌላው ያስቸገሩትን አምስት ነገሮች፣ ሦስተኛው ደግሞ እንዲሁ የገጠመውን ጻፈ። ያመሰገኑት ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው፤ ስለ መጪው ሳምንትም የተሻለ ተስፋ። ከዚህ ጥናት ወዲህ የምስጋና ማስታወሻ ደብተር የሚባል ነገር በዓለም ተስፋፋ፤ በከተማችንም ሽፋኑ አበባ የሆነ ደብተር በስጦታ መልክ ሲዞር እያየን ነው። መጻፉን አልቃወምም። ግን በየቀኑ ካልጻፍኩ ብላችሁ አትጨነቁ። የሶንያ ሊዩቦሚርስኪ እና የባልደረቦቿ ሙከራ እንዳሳየው በሳምንት አንድ ጊዜ የጻፉት ሲጠቀሙ በሳምንት ሦስት ጊዜ የጻፉት አልተጠቀሙም። ነገሩ ልማድ ብቻ ሲሆን እንደ ሰላምታችን አፍ ብቻ ይለዋል።

በዚያ ላይ ደብተር ውስጥ ተጽፎ የተዘጋ ምስጋና ባለቤቱ ጋ አልደረሰም። ማርቲን ሴሊግማን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ካወጧቸው ሙከራዎች መካከል እኔን የሚያሳምነኝ ሌላኛው ነው፤ ደግ ውሎልህ በወጉ ላላመሰገንከው ሰው ደብዳቤ ጻፍ፣ ከዚያ ራስህ ሄደህ ስጠው። ይህን ያደረጉ ሰዎች ደስታ ወዲያው ከፍ አለ፤ እስከ አንድ ወርም ቆየ። ከዚያ በኋላ ረገበ። አንድ ጊዜ አመስግኖ ለዓመት መገላገል የለም ማለት ነው፤ እንደ ዘመን መለወጫ ቀለም የሚቀቡት ግድግዳ አይደለም።

በባልና ሚስት መካከል

ጓዳ ውስጥ ምስጋና የሚታፈንበት ዋናው ምክንያት «ግዴታው ነው» የሚል ሐሳብ ይመስለኛል። «እኔም ሠርቼ ነው የምገባው፤ እኔን ማን አመሰገነኝ?» ይላሉ ሁለቱም። ሁለቱም እውነት አላቸው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያይ ለየብቻው ሒሳብ ይዞ ይኖራል። ሒሳቡ የሚነበበው ደግሞ በጠብ ቀን ነው፤ ከሠርጉ ዕለት ጀምሮ።

ሳራ አልጎ የተባለች ተመራማሪ ጥንዶች እርስ በርስ ሲመሰጋገኑ አጥንታለች። ያገኘችው ነገር ለአማርኛችን የሚመች ነው። «ደስ አለኝ፣ ተመቸኝ፣ አረፍኩ» እያለ ስለ ራሱ ጥቅም ከሚያወራ ይልቅ ስለ አድራጊው ሰው የሚናገር ምስጋና በተመስጋኙ ልብ ውስጥ የበለጠ ይገባል። ልዩነቱ እንዲህ ነው። «ልጁን ከትምህርት ቤት ስላመጣህልኝ ተመቸኝ» ማለት አንድ ነገር ነው። «ስብሰባህን አቋርጠህ ለልጁ መድረስህን አየሁ፤ አንተ እንዲህ ነህ፣ ሰው አታስጠብቅም» ማለት ሌላ ነው። በመጀመሪያው የተመቸኝ እኔ ነኝ። በሁለተኛው የታየው እሱ ነው።

ሞክሩት። የመጀመሪያው ቀን «ምን ፈልገሽ ነው?» መባሉ አይቀርም። ይህ በባለቤቴም ደርሷል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ለካ የመኪናውን ጎማ ነፋስ በየሳምንቱ እሁድ የምሞላው እኔ መሆኔን አስተውሎ ኖሮ ነገረኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ በአስማት የሚሞላ ነበር የሚመስለኝ አለ። ሳቅን። ከዚያ ወዲህ በየተራ ነው።

«እንደ ቤተሰባችን ናት»

አሁን ወደሚከብደው ልግባ። የብዙዎቻችን ቤት፣ ሁለት ደመወዝ የሚገባበት ቤት፣ የቆመው በአንዲት ሦስተኛ ሰው ጉልበት ላይ ነው። እኔ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተኩሼ የምወጣው፣ ማታ ገብቼ ልጄን ታጥቦ የማገኘው ሠራተኛችን ስላለች ነው። እናንተም እንደዚሁ። ስለሷ ስንጠየቅ የምንሰጠው መልስ ታዲያ «እንደ ቤተሰባችን ናት» የሚል ነው። ደግ ቃል ይመስላል። ግን ከቤተሰባችሁ መካከል የሳምንት ዕረፍት የሌለው፣ በራሱ ሳህን ለብቻው የሚበላ፣ ሲታመም ወደ አገሩ የሚላክ ማን አለ?

ስለ ምስጋና ጽሑፍ ውስጥ ይህን የማነሣበት ምክንያት አለኝ። አዳም ግራንት እና ፍራንቼስካ ጂኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት አለ። አንድ ተማሪ የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤውን እንዲያርሙለት ሰዎችን ይጠይቃል፤ ካረሙለት በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ እንዲረዱት ይለምናል። ደረቅ መልስ ከደረሳቸው ሰዎች 32 በመቶው ብቻ በድጋሚ ረዱት፤ ከተመሰገኑት ግን 66 በመቶው። ምክንያቱ ሲመረመር ዋጋ እንዳላቸው ስለተሰማቸው ነው። ይህ ጥናት በሥራ አስኪያጆች ሥልጠና ላይ ሲጠቀስ ሰምቻለሁ፤ በነፃ የሚገኝ ማበረታቻ ተደርጎ። በጀት በሌለበት ጊዜ «አመስግኗቸው፤ ይሠራሉ» ይባላል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ምስጋና የደመወዝ ምትክ ሲሆን ማታለል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ለማግኘት ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ውጭ አድርጎታል። የፋብሪካ ሠራተኛ በዚህ አዋጅ የሥራ ሰዓቱና የሳምንት ዕረፍቱ ይጠበቅለታል፤ የቤት ሠራተኛችሁ ግን አትሸፈንም። የምታርፍበትን ቀን፣ የምትተኛበትን ሰዓት፣ ስትታመም የሚሆነውን የምትወስኑት በአብዛኛው እናንተ ናችሁ፤ ሳሎናችሁ ውስጥ ተቀምጣችሁ። ስለዚህ «አመሰግናለሁ» ስትሏት ከቃሉ በፊት እሁድን ስጧት። ማታ ትምህርት ቤት መማር ከፈለገች ሰዓቱን ልቀቁላት። ደመወዟ ወር በገባ በስንተኛው ቀን እንደሚደርሳት ሳትጠይቅ ትወቅ። ይህ ከተደረገ በኋላ ቃሉ ይቀላል፤ ደግሞም ያስፈልጋል። «ልጁ ትናንት ሲያተኩሰው አንቺ ቀድመሽ ባታስተውዪ ኖሮ እኛ ሥራ ላይ ነበርን፤ ያየሽው አንቺ ነሽ» ማለት ገንዘብ የማይተካው ነገር አለው። እሷም ይህን በአዲሱ ቤቷ ሳይቀር ታስታውሰዋለች።

«ተመስገን በይ»

ምስጋና አፍ መዝጊያ ሲሆንም አይቻለሁ። ባሏ ስለሚያደርስባት በደል ለዘመድ የምትናገር ሴት «ስንቷ ባል ያጣች አለች፤ ተመስገን በይ» ትባላለች። ደመወዙ ከቤት ኪራዩ እኩል የሆነበት ወጣት «ሥራ ያጣ ስንት አለ» ይባላል። ልጁም ምሳውን ሲተው «የሚበላው ያጣ ሕፃን አለ» ይባላል። ይህ ዓይነቱ ምስጋና የሰው ችግር ላይ ቆሞ ቁመቱን የሚለካ ነው። ልጁ ከዚህ የሚማረው ማመስገንን ሳይሆን ሐፍረትን ይመስለኛል። ሴትየዋ ደግሞ ሁለተኛ አትናገርም፤ በደሉ ግን አልቆመም። አንድ ሰው ላለው ነገር እያመሰገነ ስለ ጎደለው መናገር ይችላል። ሁለቱ አይጣሉም።

ስለ ልጆች ካነሣን፣ እንግዳ ፊት ጀርባቸውን እየነካን «አመሰግናለሁ በል! በል እንጂ!» የምንለውን ብንቀንስ ደስ ይለኛል። ልጁ ቃሉን ይላል፤ ዓይኑ ግን ብስኩቱ ላይ ነው። ድሮ እንግዳ ሲመጣ ማስታጠቢያ ይዞ የሚቆመው ልጅ ከእያንዳንዱ እንግዳ ምርቃት ይቀበል ነበር። ያ ልጅ ማመስገንን የተማረው በመመስገን ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማስታጠቢያው ባይኖርም ሥራ አይጠፋም። ቡና ሲፈላ ቁርሱን የሚያዞረው እሱ ይሁን፤ ሲያዞር ደግሞ አያቱ ስሙን ጠርተው ይመርቁት። ለመምህሩም በዓመቱ መጨረሻ ተዋጥቶ ከሚገዛው ስጦታ ጋር ልጁ ራሱ አንድ መስመር ይጻፍ፤ ፊደሉ ቢንጋደድም። የልጄ የክፍል መምህርት «ማካፈል ሲከብደኝ በብርቱካን ስላሳየሽኝ» የምትለዋን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ እንደምትዞር ነግራኛለች። ስጦታው ምን እንደነበር እኔም ረስቼዋለሁ።

«ገብቷል»

በመጨረሻ አንድ የተረሳ ሰው አለ። ብዙ ቤተሰብ ውስጥ ጅዳ ወይም ዱባይ፣ ቤይሩት ወይም ዋሽንግተን ያለች እህት፣ ያለ ወንድም አለ። በየወሩ ገንዘብ ይልካል። የሚደርሰው መልስ ምንድን ነው? ቴሌግራም ከፍታችሁ እዩት። «ገብቷል»፤ ወይም ወደ ላይ የቆመ አውራ ጣት። ይህ የባንክ ደረሰኝ ነው። በሰው ቤት ምድጃ አጠገብ ቆማ መልእክቷን የምትከፍተው እህት ገንዘቡ መድረሱን ባንኩም ይነግራታል። እሷ የማታውቀው ገንዘቡ ምን እንደሆነ ነው። የተከደነውን ጣሪያ፣ የልጁን ሰርተፊኬት፣ እማማ አዲሱን መነጽር አድርገው መጽሐፍ ሲያነቡ ፎቶ አንሡና ላኩላት። «ዐሥር ዓመት ከሰው አገር ሆነሽ ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ» በሏት፤ በጽሑፍ ካቃታችሁ በድምፅ። እግረ መንገዳችሁንም «አንቺስ እንዴት ነሽ? ለራስሽ ምን አስቀመጥሽ?» ብላችሁ ጠይቋት፤ ብዙ ጊዜ ይህን የሚጠይቃት የለም።

ከአገር ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ምረጡ። አንደኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠሯችሁ መምህር፣ የመጀመሪያ ሥራችሁን ስታመለክቱ ዋስ የሆኗችሁ ጎረቤት፣ ዩኒቨርሲቲ ሳላችሁ ከዶርም ስትወጡ ሁለት ወር ሳሎኗ ውስጥ ያስተኛቻችሁ አክስት። በሕይወት ያለ ሰው ይሁን። እሁድ ከምሳ በኋላ ደውሉ፤ ያን ጊዜ ቤት አይጠፉም። ሰላምታው ረጅም ይሆናል፤ ታገሡ። ከዚያ ድምፃቸው ትንሽ ይለወጥና «ምነው፣ ደህና ናችሁ አይደል? ምን ሆናችሁ?» ይላሉ፤ ያለ ጉዳይ የሚደውል ስለማያውቁ። ወይ ታማችኋል፣ ወይ ብር ልትበደሩ ነው ብለው ነው የሚያስቡት። መግቢያውን እንዲህ ብታደርጉት ይቀላችኋል፦ «ደህና ነኝ፣ ጋሼ። ምንም አልፈለግሁም። ያኔ ያደረጉልኝ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።» ከዚያ ዝም ብላችሁ ታሪኩን ንገሯቸው። ምናልባት እሳቸው ረስተውት ይሆናል።